በመርከብ ቡፌ ላይ ያፈርኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው በመዝናኛ መርከብ ጉዟችን ሁለተኛ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሳህኔን ይዤ ሩዙ ጋ ደረስኩ። ማንኪያ የለውም። ለካ እስከ እጀታው ሩዙ ውስጥ ሰምጦ ኖሯል፤ እኔ ግን ፈልጌም አላየሁ። ከጎኑ የተጠበሰ ሽሪምፕ አለ፤ ማንኪያው ንጹህ ይመስላል። አነሳሁት፣ ሩዙን ሁለቴ ጨለፍኩበት፣ ወደ ቦታው መለስኩት። አምስት ሰከንድ አልፈጀም።

ከኋላዬ አንዲት እናት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጇን ይዛ ቆማለች። አልጮኸችም።

"ይቅርታ፣ ያ ማንኪያ የሽሪምፑ አይደለም እንዴ?" አለችኝ።

"ነው፤ ግን ንጹህ ነው" አልኳት።

"ልጄ ሽሪምፕ አይስማማትም። ትንሽ ከነካት ትንፋሽ ያጥራታል። አሁን ከዚህ ሩዝ ልሰጣት አልችልም።"

ልጅቷ ባዶ ሳህኗን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ቀና ብላ ታየኛለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መርከብ ላይ ደግሞ መሬት የለም።

ከምግቡ ወዲያ የቆመው ሠራተኛ ሰምቶ ኖሮ አንድ ቃል ሳይናገር የሩዙን ዕቃ እንዳለ አነሳው። ግማሹ እንኳ አልተነካም ነበር። የሽሪምፑንም ማንኪያ ወሰደ። ለልጅቷ ከወጥ ቤት ለብቻው በሳህን አመጣላት። እኛ፣ ማለትም እኔና ከኋላዬ ያሉት አስራ ምናምን ሰዎች፣ አዲሱ ሩዝ እስኪመጣ ቆመን ጠበቅን። ማንም ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን ሁሉም የሚያየኝ መሰለኝ።

ራሴን እንደ ባለጌ ቆጥሬ አላውቅም። ተራዬን እጠብቃለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ሰው አልገፋም። ያን ቀን የገባኝ የቡፌ ሰልፍ ከዚያ በላይ እንደሚጠይቅ ነው። እዚያ የምትነኩትን ሁሉ ከናንተ በኋላ ሌላ እጅ ይነካዋል። እናንተ ስትሳሳቱ የሚጎዳው ከኋላችሁ የቆመው ሰው ነው፤ እናንተማ ሳህናችሁን ሞልታችሁ ሄዳችኋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሰልፉን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ካላችሁ፣ እኔ አፍሬ የተማርኩትን ሳታፍሩ ብታውቁት ብዬ ነው።

ትርምሱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቀን ነው። ተሳፋሪው ቀትር አካባቢ ይገባል። ክፍሎቹ ግን ገና እየተጸዱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እስከ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት አይከፈቱም። ታዲያ ያ ሁሉ ሺህ ሰው የት ይሄዳል? ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ ቡፌው ነዋ። ቦርሳው በጀርባው፣ ጃኬቱ በክንዱ፣ ርሃቡ በሆዱ። እኔም አንዷ ነበርኩ። ያዘልኩት ቦርሳ ወገቤ በዞረ ቁጥር አብሮኝ ይዞራል፣ የሰው ክንድ ይመታል። አንዴ እንዲያውም የቦርሳዬ ማሰሪያ ከሰላጣው ማጣፈጫ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ያየው ባለቤቴ ነው። "ቦርሳሽ ቀድሞሽ በላ" አለኝ።

ቦርሳ ይዛችሁ ሰልፍ አትግቡ። አንዱ ዕቃ እየጠበቀ ይቀመጥ፣ ሌላው ያምጣ፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ወይም ደግሞ ስትገቡ "ዛሬ ምሳ ሌላ የት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ መርከቦች ላይ በመጀመሪያው ቀን ዋናው የምግብ አዳራሽ ወይም ሌላ ትንሽ ቦታ ክፍት ይሆናል፤ ሁሉም ወደ ላይ ስለሚሮጥ ግን ጭር ብሎ ነው የሚውለው። እኛ ይህን ያወቅነው በልተን ከጨረስን በኋላ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያደናገረኝ ወረፋው ራሱ የቱ እንደሆነ ነው። የድሮው ዓይነት ቡፌ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው። ሳህን ከአንዱ ጫፍ ታነሳላችሁ፣ ተከታትላችሁ ትሄዳላችሁ፣ በሌላው ጫፍ ትወጣላችሁ። አሁን አሁን ትልልቆቹ መርከቦች ላይ ግን ምግቡ እዚህም እዚያም እንደ ደሴት ተበታትኖ ነው የሚቀመጠው። ዳቦው ለብቻ፣ ሾርባው ለብቻ፣ ሥጋው ለብቻ፣ ጣፋጩ ለብቻ። እንዲህ የተደረገው ሰው አንድ ቦታ እንዳይከማች ነው። ሰልፍ የለመደ ሰው ግን ደሴቱንም ይሰለፍበታል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፎ አየሁና እኔም ከኋላ ገባሁ። አስር ደቂቃ ቆምኩ። ፊት ያሉት ሦስት ሰዎች ሾርባ እየጠበቁ ነው። የቀረነው ምን እንደምንጠብቅ አናውቅም። ሰላጣው ከአጠገባችን ሰው ሳይኖርበት ቆሟል። በመጨረሻ አንዷ አስተናጋጅ መጥታ "ሾርባ የማትፈልጉ እባካችሁ እለፉ" ስትል ግማሹ ሰልፍ እየሳቀ ተበተነ።

እኔ አሁን የምለየው በሳህኑ ነው። ሳህኑ በአንድ ጫፍ ብቻ ከተቆለለ ነገሩ ሰልፍ ነው፤ ከጫፍ ጀምሩ። በየምግቡ አጠገብ ሳህን ካለ ደሴት ነው፤ የምትፈልጉት ጋ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ እዚያ ያለውን ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ጠብቁ። ካልገባችሁ ደግሞ መጨረሻ ላይ የቆመውን ሰው "ይህ ሰልፍ የምንድነው?" ማለት ነው። ማንም በዚህ አይቀየምም። አብዛኛውን ጊዜ እሱም አያውቅም።

እውነተኛ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ አንድ ዳቦ ብቻ ብትፈልጉስ? መሃል ገብቶ ክንድ መዘርጋት ነውር ነው። በሰው ሳህን ላይ እጅጌ ማሳለፍ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ግን ለአንድ ዳቦ ሃያ ደቂቃ መሰለፍም ሞኝነት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። እጃችሁ ከመዘርጋቱ በፊት አፋችሁ ይቅደም። "ዳቦ ብቻ ነው የማነሳው፣ ይፈቅዱልኛል?" ስትሉ አስሩም "እንደፈለጉ" ይላሉ። ሳትጠይቁ ብታደርጉት አስሩም ይቆጣሉ። ያው ዳቦ፣ ያው ሦስት ሰከንድ።

ሰልፉን ከምንም በላይ የሚገትረው ግን ወረፋ የሚያቋርጥ ሰው አይደለም፤ ሳህን ይዞ የሚያስብ ሰው ነው። ዓሣው ላይ ቆሞ "ልውሰድ? አልውሰድ? ወዲያ ምን አለ?" እያለ ከራሱ ጋር ስብሰባ የሚቀመጥ። እኔ ነኝ እሱ። ነበርኩ ልበል። አሁን መጀመሪያ ያለ ሳህን አንዴ እዞራለሁ፣ እጄን ወደኋላ አድርጌ፣ እንደ ጎብኚ። ያለውን አያለሁ፣ እወስናለሁ፣ ከዚያ ነው ሳህን የማነሳው። ለሰልፉም ይጠቅማል፣ ለሆድም። ያለዚያ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምግቦች ሳህኑን ሞልተውት የምወደው መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

እንቁላል በትዕዛዝ የሚጠበስበት ቦታ የራሱ ጣጣ አለው። እዚያ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው። ሳህንን አስቀምጦ "ይቺ የኔ ተራ ናት" ብሎ ጭማቂ ፍለጋ መሄድ አይሠራም፤ ሳህን አይሰለፍም። ለአምስት ሰው አምስት ዓይነት ማዘዝም እንደዚያው። አንድ ጠዋት ከፊቴ የነበረው ሰውዬ የቤተሰቡን ትዕዛዝ ከስልኩ ላይ እያነበበ ነበር። አንዱ ሽንኩርት የሌለው፣ አንዱ አስኳል የሌለው፣ አንዱ ደግሞ እንቁላል የሌለው ሊል ምንም አልቀረው።

ከምግቡ በላይ የተሰቀለውን መስታወት ታውቁታላችሁ። ጌጥ አይደለም። አሜሪካዊው የምግብ ቤት ባለቤት ጆኒ ጋርኖ እ.ኤ.አ. በ1959 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነገር ነው፤ ዓላማው የሰው ትንፋሽ፣ ማስነጠስና ሳል ምግቡ ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። የሠራው ለአዋቂ ቁመት ነው። የሰባት ዓመቱ ልጄ ጭንቅላት ግን ልክ ከመስታወቱ ሥር ነው የሚገባው፤ አገጩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ኬኮቹን በቅርበት ሲመረምር ነው ያገኘሁት። ከዚያ ወዲያ እሱ ይጠቁማል፣ እኔ አነሳለሁ። "በራሴ ላንሳ" ሲል በሁለተኛው ዙር፣ ሰው ሲሳሳ፣ አንድ ነገር ብቻ አስነሳዋለሁ። ልጅ መማር አለበት፤ የመማሪያው ሰዓት ግን ሰባት ሰዓት ላይ፣ አርባ ሰው ከኋላ ቆሞ አይደለም።

አሁን ወደ እጅ ልምጣ። ይህን ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው።

በአራተኛው ሌሊት ባለቤቴ ታመመ። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ሆድ ቁርጠት። ከየት እንዳገኘው እግዜር ይወቅ፤ ከቡፌው ነው ብዬ ጣቴን አልቀስርም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደብቀን ልናሳልፈው አስበን ነበር። ከተናገርን ክፍል ውስጥ ይዘጉበታል ብለን። እየነጋ ሲሄድ ግን ያቺ ባዶ ሳህኗን ያቀፈች ልጅ ትዝ አለችኝና ወደ መርከቡ ሐኪም ቤት ደወልኩ። እንደፈራነው ዘጉበት። ምልክቱ ካቆመ በኋላም አንድ ሙሉ ቀን እንዳይወጣ ነገሩት። ምግብ በር ድረስ ይመጣለታል። ብስኩትና ሾርባ እየበላ ባሕሩን በመስኮት ሲያይ ሰነበተ።

ነርሷ ለእኔ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ቡፌው ጋ ከመግባትዎ በፊት እጅዎን እንዴት ያጸዳሉ?" ኮራ ብዬ "በር ላይ ያለውን ሳኒታይዘር ሁልጊዜ እቀባለሁ" አልኳት። ፈገግ አለች። መርከብ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የሚያመጣው ኖሮቫይረስ የሚባለው ነው፤ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ደግሞ እሱ ላይ እምብዛም አይሠራም። የሚያስወግደው ሳሙናና ውኃ ነው፣ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ እየፈተጉ። ለዚህ ነው ብዙ መርከቦች የቡፌው መግቢያ ላይ የእጅ መታጠቢያ የሚያስቀምጡት። እኔ ለሦስት ቀን ያለፍኩት አጠገቡን ነው።

ቫይረሱ ክፉ ነው። ሰውን ለማሳመም ከ100 ያነሱ ቅንጣቶች ይበቁታል። ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ መቆንጠጫ የሚይዘው ሰው ነገ እንደሚታመም አያውቅም። ከተሻለው በኋላም ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሰውነቱ ሊወጣ ይችላል። "ተሽሎኛል" ብሎ በማግስቱ ጭልፋ የሚይዝ ሰው እንግዲህ ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት።

ላስፈራራችሁ አይደለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በዚያች አገር ከሚመዘገቡት የኖሮቫይረስ ወረርሽኞች ውስጥ የመርከቦቹ ድርሻ 1 በመቶ ብቻ ነው ይላል። የመርከቦቹ ስም ቶሎ የሚነሳው ስለሚመዘገብ ነው። በዚያ ማዕከል ቁጥጥር ሥር ባሉ መርከቦች ላይ ከተሳፋሪው ወይም ከሠራተኛው 3 በመቶው በዚህ ዓይነት ሕመም ከተያዘ ወረርሽኙ በይፋ ይወጣል። 3,000 ሰው የጫነ መርከብ ላይ 90 ሰው ማለት ነው። የንጽህና ቁጥጥሩም ከ100 ነጥብ የሚሰጥበት ነው፤ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ማየት ትችላላችሁ።

ነርሷ ሌላም ነገር አስተማረችኝ። ታጥቤ እገባለሁ እንበል። ከዚያ አስራ አምስት መቆንጠጫና ጭልፋ እይዛለሁ፤ እያንዳንዱን ከኔ በፊት መቶ ሰው ይዞታል። ከዚያ ቁጭ ብዬ ዳቦ በእጄ እቆርሳለሁ። መታጠቤ የት ሄደ? አሁን ሳህኔን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እንደገና ታጥቤ ነው የምቀመጠው። ስልኬን ደግሞ እስክጨርስ አልነካም። መታጠቢያው ሩቅ ከሆነ ቢያንስ ዳቦውን በሹካ። ሲያዩኝ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

መቆንጠጫውን ስትመልሱ እጀታው ወደ ውጭ ይሁን፣ ምግቡ ውስጥ እንዳይሰምጥ። ከሰመጠ ሠራተኛ ጥሩ፤ በእጃችሁ ቆፍራችሁ አታውጡ፣ እንደኔም የጎረቤቱን አትዋሱ። መሬት የወደቀውን አንስቶ መመለስ እንደማይቻል መናገር አያስፈልገኝም ብዬ ነበር፤ ግን አይቻለሁ። ዳቦን በእጅ ጨብጦ ትኩስ መሆኑን አይቶ መመለስም አይቻለሁ። የነካችሁት የናንተ ነው፣ ቢደርቅም። በረዶ ደግሞ በብርጭቆ አይዛቅም። ብርጭቆው ቢሰበር ስብርባሪውን ከበረዶ መለየት ስለማይቻል ያለው በረዶ ሁሉ ይደፋል። ውኃ ስትቀዱም የጠርሙሳችሁን አፍ ከቧንቧው ጋር አታነካኩ።

አንድ ስህተቴን ደግሞ ጨዋነት መስሎኝ ነበር የምሠራው። ለሁለተኛ ዙር ስሄድ ያንኑ ሳህኔን ይዤ ነበር የምመለሰው። "ለምን ብዙ ዕቃ አስጥባለሁ?" ብዬ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ አስተናጋጅ በትህትና ሳህኑን ከእጄ ተቀብሎ ንጹህ ሰጠኝ። ገረመኝ፤ ቆይቶ ግን ገባኝ። አፌ የነካው ሹካ ሳህኑን ነክቷል። ጭልፋው ሳህኔን ሲነካ ከሳህኔ ያለውን ይዞ ወደ ምግቡ ይመለሳል። ስለዚህ በየዙሩ አዲስ ሳህን። የበላችሁበትን ጠረጴዛው ላይ ተዉት፣ ያነሱታል።

ስለ መጠን ብዙ አልልም፤ ዓይን እንደማይጠግብ ሁላችንም እናውቃለን። ልጄ ሰባት ቁራጭ ኬክ አስነስቶኝ ከየአንዳንዱ አንድ አንድ ጊዜ ነክሶ ተነሳ። የተረፈው ባሕር ላይ የት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ማርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ብክለት ስምምነት ደንብ አለው። በአብዛኛው ባሕር ላይ፣ እየተጓዘ ያለ መርከብ የምግብ ትርፍን መጣል የሚችለው ከባሕር ዳርቻ ከ12 ኖቲካል ማይል በላይ ሲርቅ ነው፤ 25 ሚሊሜትር በሆነ ወንፊት እንዲያልፍ ተደርጎ ከተፈጨ ደግሞ ከ3 በላይ። ይህን ለልጄ ነገርኩት። "ዓሣዎቹ ኬኬን በሉት?" አለኝ። እንደመማር ሳይሆን ደስ አለው። ለማንኛውም ትንሽ እያነሱ መመላለስ ይሻላል። ቡፌው አይሸሽም፤ ራሱ መርከብ ላይ ነው ያለው።

ግማሽ የቀረው ምግብ ሲነሳ የሚቆጡ ሰዎች አሉ። ሠራተኛው ክፋት አይደለም የያዘው። ትኩስ ምግብ ከ57 ዲግሪ በታች፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይሆን ይጠብቃሉ፤ ካልሆነም ሰዓት ቆጥረው ያነሱታል። ክዳን ያለውን ከፍታችሁ ስትጨልፉ መልሳችሁ ክደኑት። እና እባካችሁ፣ ከተቀላቀለ ምግብ ውስጥ ሽሪምፑን ብቻ እየለቀማችሁ ሩዙን ለሕዝብ አትተዉ።

መርከብ ይወዛወዛል፤ ይህን በየብስ ያለ ቡፌ አያስተምርም። ባሕሩ በተነሳበት ቀን ሾርባዬን አፍ እስከ አፍ ሞልቼ ተቻኩዬ ስዞር ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ካፈሰሳችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ፤ እዚያው ቁሙና ሠራተኛ ጥሩ፣ እስኪደርስ ሰው እንዳይረግጠው መልሱ። እርጥብ የዋና ልብስ ለብሶ፣ ባዶ እግር መምጣትም በብዙ መርከቦች የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው።

ጠረጴዛ ስለ መያዝ የራሴ አቋም አለኝ። ኮፍያ አስቀምጦ ለአርባ ደቂቃ መጥፋት ሌብነት ባይሆንም ጎረቤቱ ነው። አንድ ሰው ይቀመጥ፣ ሌላው ያምጣ። በልታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሳህን ይዞ የሚዞር ሰው ካያችሁ ደግሞ ተነሱ፤ ወሬውን ወንበር ያለበት ሌላ ቦታ ትቀጥሉታላችሁ። እኔ ያለሁበትን ጠረጴዛ "ሁለት ቦታ አለ፣ ተቀላቀሉን" ማለትም ጀምሬ ነበር። አንዴ አሰልቺ ሰው ገጥሞኛል። ሦስት ጊዜ ግን ደስ የሚሉ።

ባለቤቴ በተዘጋበት ሰሞን የታመመው ሰው በዝቶ ነው መሰለኝ ራስን ማስተናገድ ቀረ። ሠራተኞቹ ጓንት አድርገው ከኋላ ሆነው ይጨልፉልናል። ሰልፉ ረዘመ፣ ሰውም ጉርምርም አለ። "ትንሽ ጨምር፣ አይ ያኛውን፣ አይ ከሥር" የሚለው ትዕዛዝ ማለቂያ የለውም። የምትፈልጉትን ከመድረሳችሁ በፊት ወስኑና በአንድ ትንፋሽ ንገሩ። ስማቸው ደረታቸው ላይ ተጽፏል፤ በስማቸው ጥሯቸው እንጂ አታጨብጭቡ። የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚፈቅደው የሥራ ጣሪያ በቀን እስከ 14 ሰዓት፣ በሳምንት እስከ 72 ሰዓት ነው። የእናንተ ዕረፍት ሲያልቅ እነሱ ገና ወራት ይቀራቸዋል።

ሌላ ሰው ሲያጠፋ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ አዛውንት ፍሬ በጣታቸው እያነሱ ሲመልሱ አየሁ። ሰው ፊት ማሳፈር አልፈለግኩም፤ እኔም የተነገረኝ በለሆሳስ ስለሆነ ነው ያልተቀየምኩት። መቆንጠጫውን አንስቼ እጀታውን ወደሳቸው አዙሬ "ይኸው፣ ይውሰዱ" አልኳቸው። ተቀበሉኝ። የተነካካውን ፍሬ ደግሞ ዞር ብዬ ለሠራተኛው ጠቆምኩት።

የልጅቷን እናት ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አገኘኋት። ልጃቸው ምግብ የማይስማማት ወላጆች ካላችሁ የሷን ዘዴ ልንገራችሁ። ሲከፈት ነው የምትመጣው፣ ጭልፋ ሳይደባለቅ። ገና ስትሳፈር ለምግብ ኃላፊው ነግራ ኖሯል። ጥርጥር ሲገባት ከሰልፉ ወጥታ ከወጥ ቤት ታስመጣለች። "በሰው ማንኪያ ላይ እምነት የለኝም" አለችኝ፣ እየሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ትንሽ ዘግይቼ።

የመጨረሻው ጠዋት የመጀመሪያውን ቀን ይመስላል። ክፍል በጠዋት ይለቀቃል፣ ሁሉም ቦርሳውን አዝሎ ቡፌው ላይ ይሰፍራል። ባለቤቴ ተፈቶ፣ ከስቶ፣ ልጃችንን ይዞ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እኔ እንቁላሉ ጋ ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ትልቅ ቦርሳ አዝሏል። በዞረ ቁጥር ማሰሪያው የቲማቲሙን ዕቃ ሊነካ ስንዝር ይቀረዋል።

"ቦርሳዎን ልያዝልዎት?" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ፣ ቲማቲሙን አየ፣ ገባው። አውልቆ ሰጠኝና ወደፊት ሄደ። አምስት ደቂቃ ያህል የማላውቀውን ሰው ቦርሳ አቅፌ ከሰልፉ ዳር ቆምኩ፤ ተራዬም አለፈኝ። ሲመለስ ሳህኑ ላይ እንቁላልና ሁለት ዳቦ ነበር። አንዱን ዳቦ በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

በመቆንጠጫ ነው ያነሳው። አይቼዋለሁ።